«ድራጎን ልሁን» ላለ ተጫዋች ምን ይባላል?

ይሄ ጌም ማስተሮች በተሰበሰቡበት ያወራሁት ነው፣ ማለት ጠረጴዛ ዙሪያ በወሬና በዳይስ በሚጫወቱት የታሪክ ጨዋታ ላይ ዓለሙን የሚፈጥሩትና ታሪኩን የሚመሩት ሰዎች፣ ብዙም ሳላስተካክል እንደተናገርኩት ነው የጻፍኩት፣ ስለዚ ወሬ ወሬ ቢሸታችሁ አይግረማችሁ።

ሰላም ለሁላችሁም። መግቢያ አላበዛም፣ ሁላችሁም የምታውቁት ነገር ነው። አዲስ ካምፔይን፣ ብዙ ቀን የሚቀጥል አንድ ታሪክ፣ ልትጀምሩ ነው፣ ካርታው ተስሏል፣ ንጉሡ አለ፣ የንጉሡ ጠላት አለ፣ የመጀመሪያው ከተማ ውስጥ የጠፋች የነጋዴ ልጅ አለች፣ በቃ ሁሉም ዝግጁ ነው፣ ከዛ ተጫዋቾቹን ካራክተራችሁን፣ የምትሆኑትን ገጸ ባሕርይ፣ ንገሩኝ ትላላችሁ። አንዱ ሰው ተዋጊ ነኝ ይላል፣ አንዷ ኤልፍ (ጆሮ ሹል የተረት ፍጡር) ቀስተኛ፣ አንዱ ድዋርፍ (አጭር ጠንካራ የተረት ፍጡር) ክሌሪክ፣ ማለት የሚፈውስ ቄስ፣ አራተኛው ደግሞ ፈገግ ይልና «እኔ ጥሩር ውስጥ የሚኖር የንብ መንጋ ነኝ» ይላችኋል።

እዚ ጋር ሁለት ዓይነት ጌም ማስተር አለ። አንደኛው ገና ሰምቶ ሳይጨርስ «አይሆንም፣ በኔ ዓለም ንብ አያወራም» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለተኛው ሰው ፊት መንሳት የማይችል ነው፣ «ኧረ አሪፍ ነው ግባ!» ይልና ሁለት ሦስት ሴሽን (አንዴ ተገናኝቶ መጫወት) እንዳለፈ ጨዋታው በሙሉ ስለ ንብ ሆኖ ሌሎቹ ስልካቸውን ሲነካኩ ያያል። ሁለቱም ያው ናቸው፣ ሁለቱም ማሰብ ስላልፈለጉ ነው የመለሱት።

እኔ እንደዚ ዓይነት ካራክተር ሲመጣ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ የዚህን ካራክተር ጣጣ ማነው የሚችለው? ባለቤቱ ራሱ የሚችለው ከሆነ ንብም ይሁን አጽም ይሁን ግልገል ድራጎን ይግባ። ጣጣው ለሌሎቹ የሚተርፍ ከሆነ ግን ተራ ሰው ተዋጊም ቢሆን አይገባም። ሌላው የማወራው ሁሉ ይሄን ጥያቄ እንዴት እንደምንመልሰው ነው።

አንዳንዶች «ድሮ እንደዚ አልነበረም፣ ድሮ ሰውና ኤልፍ ነበር፣ አሁን ነው ጉድ የመጣው» ይላሉ። ውሸት ነው። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለው የዚህ ዓይነት ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያወጡት ያ ትንሽ ቡክሌት ራሱ ተጫዋቹ የፈለገውን ፍጡር ቢሆን ችግር የለም ይላል፣ ብቻ ደካማ ሆኖ ጀምሮ ቀስ እያለ ይደግ። የሰጡት ምሳሌም ድራጎን ነው፣ ድራጎን ያማረው ከልጅ ድራጎን ይጀምር ነው የሚሉት። ከዛ በፊትም በአርነሰን ብላክሙር ካምፔይን ውስጥ አንድ የተጫዋች ካራክተር ቫምፓየር ሆኖ በጣም ጉልበት አግኝቶ አስቸግሮ ነበር፣ እሱን የሚገታ ቫምፓየር አዳኝ ቄስ ተፈጠረ፣ ዛሬ ሁላችሁም የምትጫወቱት ክሌሪክ የመጣው ከዛ ነው። እንግዲህ አስቡት፣ ፓርቲው (የካራክተሮቹ ቡድን) ውስጥ በጣም ጨዋና ተራ የምንለው ክላስ (የካራክተር ሙያ) ራሱ ያልተለመደ ካራክተር ባመጣው መዘዝ የተወለደ ነው ማለት ነው።

በ1979 ጋይጋክስ ሐሳቡን አጠንክሮታል። በዛ ዓመት በወጣው የዳንጀን ማስተሩ መጽሐፍ ውስጥ ስለዚሁ ጉዳይ ለብቻው ክፍል አለ፣ ጭራቅ ልሁን የሚሉት በአብዛኛው ከሌሎቹ በልጠው መታየት ስለሚፈልጉ ነው ይላል፣ ጨዋታው በሰው ልክ የተሰፋ ነው ይላል። በግማሹ እስማማለሁ። ጉልበት ፈልጎ የሚመጣ አለ፣ አይካድም። ግን የንብ መንጋ ልሁን ያለኝ ሰው ጉልበት አይደለም የሚፈልገው፣ ማንም ያላየውን ነገር መሆን ነው የሚፈልገው፣ ሁለቱን ካላቀላቀልን ግማሹ ችግር አለቀ። እንዴት ትለያላችሁ ካላችሁኝ ቀላል ነው፣ «ችሎታህን በሙሉ ብወስድብህና መልክህን ብተውልህ አሁንም ትጫወተዋለህ?» በሉት። አይኑ ከበራ ታሪክ ነው የፈለገው። ፊቱ ከጠቆረ ጉልበት ነው።

ጉልበቱን በሩል፣ በጨዋታው ደንብ፣ ለማስከፈል የተሞከረበት ዘመን ነበር፣ የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሦስተኛው እትም ላይ የተጫወታችሁ ሌቭል አጀስትመንት የሚባለውን ታስታውሳላችሁ። ሐሳቡ ፍትሐዊ ይመስላል፣ ዘርህ ጠንካራ ከሆነ በሌቭል፣ በካራክተርህ የዕድገት ደረጃ፣ ትከፍላለህ። ድራው፣ ጥቁሩ ኤልፍ፣ ሁለት ሌቭል ይከፍላል። ስለዚ ጓደኞቹ 5ኛ ሌቭል ላይ ሲሆኑ ድራው ዊዛርዱ (አስማተኛው) ገና 3ኛ ላይ ነው፣ ሌላው ዊዛርድ ፋየርቦል (የእሳት ኳስ) ሲወረውር እሱ የለውም፣ ሂት ፖይንቱ (የሕይወት ነጥቡ) ደግሞ ሦስት ዲ4፣ ሦስት ባለ አራት ገጽ ዳይስ፣ ነው፣ በዛ ላይ ኤልፍ ስለሆነ ኮንስቲትዩሽኑ (የአካሉ ጥንካሬ) ይቀነሳል። አንድ ኦገር፣ ግዙፍ ጭራቅ፣ በዱላው አንዴ ሲያገኘው በአማካይ 16 ይጎዳዋል፣ በቃ ተኛ። አያችሁ ምን እንደሆነ? ባለቤቱ የከፈለ ይመስላል ግን አልከፈለም፣ በየውጊያው እሱን ከመሬት የሚያነሳው ክሌሪኩ ነው፣ ፊት ለፊቱ የሚቆመው ተዋጊው ነው። ሂሳቡ ወረቀት ላይ ልክ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ግን ሌላ ሰው ነው የከፈለው።

አምስተኛው እትም ደግሞ ተቃራኒውን አደረገ፣ ማስከፈሉን ተወው። በ2015 የወጣው አራኮክራ፣ ያ የወፍ ሰው፣ ከ1ኛ ሌቭል ጀምሮ በ50 ጫማ ፍጥነት ይበራል፣ ቀኑን ሙሉ፣ በነፃ። ዊዛርድ የመብረር ስፔል (አስማት) የሚያገኘው 5ኛ ሌቭል ላይ ነው፣ እሱም ለአስር ደቂቃ፣ እሱም ኮንሰንትሬሽን ይዞ፣ ማለት ትኩረቱ ከተሰበረ ያልቃል። ስለዚ እናንተ ለሁለት ሰዓት የለፋችሁበት ገደል፣ የተሰበረ ድልድይ፣ ግንብ፣ ሁሉም በአንድ «እበራለሁ» ያልቃል። ጌም ማስተሩ ይናደድና ጣሪያው ዝቅ ያለ ዋሻ ብቻ መሥራት ይጀምራል፣ ከዛ ጣጣውን የቻለው ማን ሆነ? ሜዳና ተራራ ላይ መጫወት የፈለጉት ሌሎቹ። በ2022 ፍጥነቱን ወደ 30 ዝቅ አርገውታል፣ ዋናውን ነገር ግን አልነካውም። 

እኔ የማደርገው የ1974ቱን ነው፣ ልጅ ሆነህ ጀምር። አራኮክራው ገና ያልጠነከረ ክንፍ ይዞ ይጀምራል፣ ይዘላል፣ ይንሳፈፋል፣ ከከፍታ ቢወድቅ አይጎዳም፣ ግን ተራው ሲያልቅ መሬት መንካት አለበት። ሙሉ በረራ 5ኛ ሌቭል ላይ፣ ዊዛርዱ ባገኘበት ሰዓት። ተጫዋቹ አይከፋውም እኮ፣ እንዲያውም መጀመሪያ ቀን ሙሉ ለሙሉ የበረረበት ሴሽን ትልቅ ቀን ይሆንለታል፣ በነፃ ያገኘው ሰው ያ ቀን የለውም።

እሺ ወደ ንቦቹ እንምጣ፣ እዚ ጋር ረጋ ብዬ ነው የማወራው ምክንያቱም ሥራው ያለው እዚ ነው።

መጀመሪያ አዲስ ዘር አልጽፍም። በፍጹም። ቁጥሮቹ የተራ ሰው ተዋጊ ናቸው፣ ሂት ፖይንቱም፣ ሰይፉም፣ ጥሩሩም። የሚቀየረው አነጋገሩ ነው። ሌላው ተዋጊ ሲመታ ይደማል፣ እሱ ሲመታ በጥሩሩ ስንጥቅ ንቦች ይረግፋሉ። ሂት ፖይንቱ ዜሮ ሲገባ መንጋው ተበትኖ ንግሥቲቱ ብቻ ባዶ ጥሩር ውስጥ ትቀራለች። ክሌሪኩ ሲፈውሰው ንቦቹ ይሰበሰባሉ። አንድም ሩል አልተነካም፣ ትዕይንቱ ግን ሙሉ ለሙሉ ሌላ ነው። ወረቀቱ ላይ «ሰው መሰል» ብላችሁ መጻፍ አትርሱ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። አንዱ አጽም ልሁን ብሎ መጥቶ ወረቀቱ ላይ ሙት ፍጡር ብሎ ቢጽፍ በ2014ቱ አምስተኛ እትም የክሌሪኩ ኪዩር ዉንድስ የሚባለው የፈውስ ስፔል አይሠራለትም፣ ከዛም አልፎ ክሌሪኩ ሙታንን የሚያባርርበትን ኃይሉን ሲጠቀም የራሱ ጓደኛ ከጠላት ጋር አብሮ ሊሸሽ ይችላል። እንዴት ያስቃል አይደል፣ አንዴ። ከዛ በኋላ ክሌሪኩ ካሉት ሁለት ሦስት ጥሩ ነገሮች አንዱን ላለመጠቀም ተገደደ ማለት ነው፣ ያውም እሱ ባልመረጠው ምርጫ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው። የተቆለፈ በር ጋር ሲደርሱ «ንብ ነኝ እኮ፣ በቁልፉ ቀዳዳ እገባለሁ» ይላል። እውነቱን ነው፣ ንብ በቁልፍ ቀዳዳ ይገባል። ግን ፓርቲው ውስጥ ቁልፍ መክፈት የተማረ ሰው ካለ ሥራውን ነጠቅነው። ስለዚ ጨዋታው ውስጥ ይሄን የሚመስል ምን አለ ብዬ እፈልጋለሁ፣ ጌዝየስ ፎርም የሚባል ስፔል አለ፣ ጉም ሆነህ በጠባብ ቀዳዳ ታልፋለህ፣ 3ኛ ደረጃ ስፔል ነው፣ ዊዛርድ 5ኛ ሌቭል ላይ ያገኘዋል። በቃ ተገኘ። ንቦቹ 5ኛ ሌቭል ላይ በቀን አንዴ ከጥሩሩ ይወጣሉ፣ እስከዛ ድረስ ንግሥቲቱ መውጣት ትፈራለች፣ መንጋው ደግሞ ያለሷ አይሄድም። ምክንያቱን ተጫዋቹ ራሱ ቢያወጣው ይመረጣል፣ እኔ ከማወጣው የተሻለ ነው የሚያመጣው።

አሁን ጣጣውን እናምጣ። ንብ ጭስ ያደነዝዘዋል፣ ይሄ ንብ የሚያነቡ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ነው። ስለዚ ጭስ ባለበት ክፍል ውስጥ የሚያደርገው ሁሉ በዲስአድቫንቴጅ ነው፣ ሁለት ዳይስ ይጥልና ትንሹን ይይዛል። ብርድ ሲሆን ደግሞ ንቦች ንግሥቲቱን ከበው ይጠቀጠቃሉ፣ እንቅስቃሴ የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚ በረዷማ ተራራ ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል። እዚ ጋር «ታዲያ ይሄ ለሌሎቹም ጣጣ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ልዩነት አለው። ሌሎቹን የሚያስጠብቃቸው ጣጣ አለ፣ ሌሎቹን ሥራ የሚሰጣቸው ጣጣ አለ። ተራራው ላይ ንቦቹ ሲደነዝዙ ኤልፏ ካባዋን አውልቃ ጥሩሩን ብታለብስ፣ ድዋርፉ ጥሩሩን ታቅፎ ቢያድር፣ ሦስቱም ትዕይንት አገኙ። እነሱ ቁጭ ብለው ባለንቡ ብቻውን ለሃያ ደቂቃ ከነፋስ ጋር ቢታገል ግን ሁለተኛው ዓይነት ሳይሆን የመጀመሪያው ነው።

ጊዜ ስል፣ ከሁሉም በላይ የምፈራው እሱን ነው። ሦስት ሰዓት ለአራት ሰው ስታካፍሉት ለያንዳንዱ አርባ አምስት ደቂቃ ነው፣ ያውም እናንተ ካላወራችሁ። ያልተለመደ ካራክተር ይሄን ሳያስበው ይበላል። የከተማው በር ላይ እንይ። ፓርቲው ደረሰ፣ ዘበኛው ጦሩን አስተካክሎ «ቁም! ያ ነገር ምንድነው?» ይላል። ባለንቡ የጠበቀው ሰዓት ነው፣ ጥሩሩ ውስጥ እዝዝዝ ይላል፣ ዘበኛው ወደኋላ ይሸሻል፣ ኤልፏ ዘው ብላ «አይ ጓደኛችን ነው፣ ጉንፋን ይዞት ነው» ትላለች፣ ዳይስ ይጣላል፣ ሁሉም ሆዱን ይዞ ይስቃል። ይሄ ምርጥ ትዕይንት ነው፣ ሙሉውን ተጫወቱት። ሁለተኛው ከተማ ላይ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር እለፉት፣ «እንደተለመደው በሩ ላይ ትንሽ አስቸገሯችሁ፣ ኤልፏ አሳምናቸው ገባችሁ» በቃ። ሦስተኛው ላይ ዓለሙ ይቀየር። ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል፣ ዘበኛው «አሃ፣ አንተ ነህ እንዴ?» ይላል፣ ወይም አንድ ማር ቆራጭ ከሰው መሃል ወጥቶ የታመመ ቀፎ አለኝ እባክህ ልጆቼን እያቸው ይለዋል። ሁልጊዜ መሸሽ፣ ሁልጊዜ መጮህ፣ ሁልጊዜ ድንጋይ መወርወር የሚያደርግ ዓለም ሰነፍ ዓለም ነው፣ ተጫዋቹንም ለመረጠው ነገር እየቀጡት ነው የሚመስለው።

አሁን አንድ ነገር ልጨምር፣ ለኔ ከሩሉ ሁሉ ይበልጣል። ያልተለመደው ካራክተር ፓርቲው ውስጥ ካለ አንድ ሰው ጋር መታሰር አለበት። «ጓደኛሞች ነን» ውሃ አያነሳም። ለምሳሌ ጥሩሩ የማን ነበር? ንቦቹ ከየት አገኙት? ጥሩሩ የድዋርፉ ክሌሪክ ወንድም ንብረት ነው፣ ውጊያ ላይ የሞተው፣ አስከሬኑ ሳይገኝ የቀረው። ድዋርፉ መጀመሪያ ቀን ሲያየው ትከሻው ላይ ያለውን የመዶሻ ምልክት ያውቀዋል። አሁን ንቡ እንግዳ አይደለም፣ የድዋርፉ ታሪክ አካል ነው፣ ንቡ ላይ የሚያልፈው ሰዓት የድዋርፉም ሰዓት ነው። ድዋርፉ ጥሩሩን ልቅበረው ይላል ወይስ ይተወዋል? ንቦቹ ወንድምየው ሲሞት ያዩት ነገር ይኖር ይሆን? ለስድስት ወር ካምፔይን የሚበቃ ነገር ከአንድ ጥያቄ ወጣ። ይሄንን ግን የድዋርፉን ባለቤት ሳታስፈቅዱ እንዳታደርጉት፣ የሰው ወንድም ነው የገደላችሁት።

በነገራችን ላይ ያልተለመደ ስል ሁላችንም መልክ ላይ እናተኩራለን እንጂ በጣም ከባዶቹ ሰው የሚመስሉት ናቸው። «እኔ አልገድልም» የሚል ተጫዋች ደስ ይለኛል፣ አምስተኛው እትም ላይ በእጅ ለእጅ ውጊያ ጠላትን ዜሮ ያደረሰ ሰው ከፈለገ ራሱን አሳተዋለሁ ማለት ይችላል፣ ሩሉ ራሱ በር ከፍቶለታል። «እናንተም አትገድሉም» የሚለው ግን ሌላ ነው፣ እሱ የራሱን ካራክተር አይደለም የሚጫወተው፣ የሦስቱንም ነው። እስረኞቹንስ ማን ይጠብቃል፣ ማን ያበላል፣ ይሄን ከጅምሩ ጠይቁት፣ እኔ ነኝ ካለ እሰየው። 

ድዳ ዊዛርድ ልሁን የሚል ይመጣል። አብዛኛው ስፔል በድምፅ ነው የሚሠራው፣ እንደ ሩሉ ከሆነ ባዶ እጁን ቀረ። እኔ ድምፁን በፉጨት ወይ በትንሽ ከበሮ እተካለታለሁ፣ ግን ፉጨቱ እንደ ድምፅ ይሰማል፣ ድምፅ የሚያፍን ስፔል ባለበት አይሠራም፣ እጁን ቢያስሩት ከበሮው ይቀራል። የሌሎቹ ዊዛርዶች ጣጣ እሱም ላይ አለ፣ ተደብቆ በዝምታ ስፔል መጣልማ ሶርሰረር የሚባለው ሌላው አስማተኛ ነጥብ ከፍሎ የሚያገኘው ነገር ነው፣ በነፃ አልሰጠውም።

ከሁሉም የሚያስቸግረኝ ግን ቆቡን ፊቱ ላይ ጥሎ ጥግ የሚቀመጠው ሰው ሌባ ነው። ምንም ያልተለመደ ነገር የለውም፣ ዘሩም ክላሱም መጽሐፉ የመጀመሪያ ገጾች ላይ አሉ፣ ግን «የኔ ካራክተር ማንንም አያምንም» ይልና ሌሎቹ በየሴሽኑ ሲለምኑት ይኖራሉ። ከዚህ ሰውዬ አሥር የንብ መንጋ ይሻለኛል።

አይሆንም ማለት ያለባችሁ ጊዜም አለ፣ ያኔ አትሽኮርመሙ። ካምፔይኑ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተመሳስሎ መሰለል ከሆነ ንብ አይሆንም፣ እያንዳንዱ ትዕይንት ገና ሳይጀመር ያልቃል። ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው፣ ሴሽን ዜሮ ላይ፣ ጨዋታው ሳይጀመር በምትነጋገሩበት ቀን፣ ተናገሩት፣ ሰውዬው አሥር ገጽ ታሪክ ጽፎ ከመጣ በኋላ አይደለም። ፓዝፋይንደር የሚባለው ሌላ ጌም በ2019 ሁለተኛ እትሙን ሲያወጣ አንድ ጥሩ ነገር አድርጓል፣ ዘሮችና ስፔሎች ላይ ሁሉ የተለመደ፣ ያልተለመደ፣ ብርቅ የሚል ምልክት አለ። የጉልበት ደረጃ አይደለም፣ ብርቅ የተባለው ደካማ ሊሆን ይችላል። ትርጉሙ ይሄን ከመምረጥህ በፊት ጌም ማስተርህን አናግር ነው። ሌላ ጌም የምትጫወቱም ይሄን መዋስ ትችላላችሁ፣ ከካምፔይኑ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ላይ እነዚህ እንደፈለጋችሁ፣ እነዚህ አናግሩኝ፣ እነዚህ ዘንድሮ የሉም ብላችሁ ስጧቸው፣ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀራል።

መጨረሻ ላይ ከመሃላችሁ አንድ ሰው «አራቱም እንግዳ ይዘው ቢመጡስ?» ብሎ ጠይቆ ነበር፣ ንብ፣ አጽም፣ የወፍ ሰው፣ ግልገል ድራጎን። እሱ እንዲያውም ይቀላል። ቫምፓየር የሚባለው ጌም በ1991 ሲወጣ ሁሉም ተጫዋች ቫምፓየር ነው፣ ሁሉንም የሚያስር አንድ ሕግ ደግሞ አለ፣ ሰው እንዳያውቅባችሁ። እንግዳነቱ የጋራ ስለሆነ ማንም ብቻውን የሰዓት ባለቤት አይሆንም። እናንተም ለአራቱ አንድ የጋራ ችግር ስጧቸው፣ ከአንድ ጠንቋይ ግቢ አብረው ያመለጡ ይሁኑ ለምሳሌ። የሚከብደው ሦስቱ እንግዳ ሆነው አራተኛው ተራ ሰው ሲሆን ነው፣ እሱ ነው የሚረሳው። ለሱ ዓለሙን ስጡት፣ እናቱ ደብዳቤ ትጻፍለት፣ የድሮ አለቃው መንገድ ላይ ያግኘው፣ ብድር ይኑርበት፣ እንግዶቹ ሦስቱ አልጋ የሚያገኙት እሱ ተከራይቶላቸው ይሁን። መጀመሪያው ሴሽን ላይ ሦስቱን ከማናገራችሁ በፊት እሱን አናግሩት።